«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ ወላጅ ብናነበውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ረጅም ልብ ወለዶቻችን በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢያን አንዷ ነኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሣ ቁጥር ስለ ቋንቋው ውበት፣ በባላባቱ ሥርዓት ላይ ስለ ሰነዘረው ትችት፣ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ብዙ ይባላል፤ የተባለውም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምርና በቤቴም ልጃገረድ የማሳድግ ሰው እንደ መሆኔ፣ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ጎን አለው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በእኔ ንባብ ከሁሉ በፊት ስለ አንዲት ልጃገረድና ስለ ወላጆቿ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ሰብለ ወንጌልን ለአደጋ ያጋለጣት ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ ክብሯን እጠብቃለሁ እያለ ልቧ የሚሻውን ሳይጠይቃት የኖረው የገዛ ቤቷ ነው።

ታሪኩን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የማይመኙላት ክብር የለም። ዘሯን የሚመጥን ባል እስኪመጣ በሚል ሽማግሌ የላከውን ሁሉ ሲመልሱ፣ ልጅቱ የአገሬው ልጃገረዶች ከሚዳሩበት ዕድሜ አልፋ በአባቷ ግቢ ተቀመጠች። ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምራት በዛብህን ወደ ቤት ያስገቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እሷና መምህሯ በተዋደዱ ጊዜ ግን በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ ይህን የምታዋየው ወላጅ አልነበራትም። እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነት ልጃቸውን አብዝተው ቢወዱም የቤቱ የመጨረሻ ቃል የአባት ነው፤ የአባት ቃል ደግሞ ስለ ዘርና ስለ ማዕረግ እንጂ ስለ ልጅቱ አልነበረም። ነገሩን አስቀድሞ ያየውና በግልጽ የተናገረው ዘመዳቸው ጉዱ ካሣም እንደ እብድ ተቆጠረ። መጨረሻው የታወቀ ነው። በዛብህ ሸሸ፤ ሰብለ ወንጌልም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ጠፍታ ወጣች፤ ያገኘችውም ሊሞት ሲያጣጥር ነበር።

በዛብህንም ብናስብ ከዚህ የተለየ አይደለም። እናቱ ልጃቸው በሕይወት እንዲቆይላቸው ሲሉ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት፤ ልጁም ካደገ በኋላ እሱ ያልገባውን ስለት ተሸክሞ በፍርሃት ኖረ። ሁለቱም ወጣቶች ከፍቅር የመነጨ፣ ነገር ግን እነሱን ያላማከረ የወላጅ ውሳኔ ዕዳ ከፋዮች ናቸው። ደራሲው ፊታውራሪውን በትምክህታቸው ቢያስነቅፏቸውም ልጃቸውን የሚጠሉ ጨካኝ አባት አላደረጓቸውም። የመጽሐፉን ጥበብ የማደንቀው በዚህ ነው። ጨካኝ አባት ቢሆኑ ኖሮ ሁላችንም «እኔ እንደዚህ አይደለሁም» ብለን መጽሐፉን በሰላም እንዘጋው ነበር። የሚወድ አባት ልጁን እንዴት እንደሚያጠፋ ስናነብ ግን ወደ ራሳችን ቤት ሳንመለከት ማለፍ አንችልም።

ሰብለ ወንጌል ዛሬ ከማስተምራቸው ልጆች በዕድሜ ትበልጣለች፤ ዘመኑም ሌላ ነው። ቢሆንም ወደ ሥራዬ ስሄድ በየጊዜው የማገኘው እሷን ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመዛወሬ በፊት በጎጃም በአንድ የገጠር ወረዳ አስተምር ነበር። በዚያ አካባቢ ጥምቀት አልፎ የሠርግ ወቅት ሲገባ የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር የስም መጥሪያውን ከፍቶ ማየት ብቻ ይበቃዋል፤ በአንዳንድ ሴቶች ልጆች ስም አንጻር የቀሪ ምልክቱ ይደረደራል። ሲጠየቅ መጀመሪያ «ታማለች» ይባላል፤ ቀጥሎ «አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅም የሚመልስም አይኖርም። ድግሱ ሲደገስ ለቀበሌው የሚነገረው ተዝካር ነው ወይም ማኅበር ነው ተብሎ ነው። ታላቂቱ ስትዳር ወጪ ለመቆጠብ ታናሺቱም አብራ የምትዳርበት ጊዜ አለ፤ ይህች ታናሽ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልትሆን ትችላለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ዕድሜዋ እንዲመረመር ሲባልም ምን ብላ እንደምትመልስ አስቀድሞ ይነገራት ነበር።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የፈቀደው የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ካገባት ከክስ ነጻ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ ልጅን ያለ ዕድሜዋ ማግባትንም በወንጀልነት ደንግጓል። ይህ ሁሉ ተደንግጎ እያለ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ሴቶች መካከል 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶው ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አሳይቷል። ሕግ በቤት ውስጥ የሚደረገውን ምክክር ሊተካ አይችልም። ልጇን ያለ ዕድሜዋ የምትድር እናት አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ታውቃለች። ነገር ግን ከሕጉ ይልቅ የምትፈራው ልጇ በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ «ሰው ምን ይላል» የሚባልበትን ቀን ነው። ከአደጋ አስጥላታለሁ ብላ ነው ወደ አደጋ የምትሰጣት፤ የፊታውራሪ መሸሻም ስህተት ከዚህ የራቀ አይደለም።

በከተማ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። አንድ ቀን ጠዋት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉትን ነገር ይዘው ገቡ። ሲፈቱት ሞባይል ነው። «መምህርት፣ ይህን ከልጄ የደብተር ቦርሳ አገኘሁት። እኔ አልገዛሁላትም፤ አባቷም አልገዛላትም። እርስዎ የተማሩ ነዎትና ውስጡ ያለውን ያንብቡልኝ» አሉኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ በሩ አጠገብ ቆማ ወለሉን ታያለች። የልጅቱን ምሥጢር በመምህራን ፊት ጮክ ብዬ ማንበብ ስላልፈለግኩ ሦስታችን ወደ ባዶ ክፍል ገብተን ራሷ እንድታነብላቸው ጠየቅኳት። መልእክቶቹ በቴሌግራም የተላኩ ናቸው፤ የላካቸውም የልጆች አባት የሆነ፣ በታክሲ ተራው አካባቢ እየጠበቀ ምሳ የሚጋብዛትና የሞባይል ካርድ የሚሞላላት ሰው ነው። የመጨረሻዎቹ መልእክቶች ማስፈራሪያ ነበሩ፤ የላከችለትን ፎቶግራፍ ለአባቷ እንደሚያሳይ ይዝትባታል። ልጅቱ ድምፅዋ እየተቆራረጠ አንብባ ስትጨርስ እናትየው «ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት። «ትገድይኛለሽ ብዬ» አለች። እኔ እናትየው ይህን ያስተባብላሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ግን ጥቂት አሰብ አድርገው «እውነትሽን ነው፤ እመታሽ ነበር» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱም ማልቀስ የጀመሩት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ የተቻለው።

ይህን የጻፍኩት እኚያን እናት ለመውቀስ አይደለም፤ እንዲያውም እንደሳቸው ያለ ሐቀኛ ወላጅ ብዙ አላየሁም። የዚያ ሰው ጉልበት በሞባይሉ ውስጥ እንዳልነበረ ግን ልብ ይሏል። ጉልበቱ ልጅቱ ለእናቷ እንደማትነግር ማወቁ ነበር። ልጃገረዶችን የሚያጠምድ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚያጠናው ይህንኑ ነው፤ የትኛዋ ልጅ ለቤቷ እንደማትናገር። ልጅቱ በይሉኝታና በፍርሃት ዝም ባለች ቁጥር የእሱ ገመድ ይጠብቃል፤ ወላጅ «የኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም» ብሎ በተመካ ቁጥርም እንዲሁ።

አደጋው ወላጆችንም የሚያጠምድ ነው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ በሕገ ወጥ መንገድ ልጅ ሲመለምል ክፉ ፊት ይዞ አይመጣም። የጎረቤት ልጅ ቤት እንዳሠራች፣ ለእናቷ ቆርቆሮ እንዳለበሰች እየነገረ፣ ቡና እየጠጣ፣ በአንዳንድ ቦታ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ይመጣል። በሕጉ ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው፤ የ16 ዓመቷ ልጅ ግን በመታወቂያዋ ላይ ሃያ ምናምን ሆና ትወጣለች፤ ለዚህም አባት በሬ ይሸጣል ወይም አራጣ ይበደራል። በዚህ ጊዜ አባትየው የሚያምነው ልጁን እየረዳ መሆኑን ነው፤ ልጅቱም እምቢ ማለት የማትችለው ቤተሰቧን ስለምትወድ ነው። እዚያ ደርሳ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሲገባ በስልክ «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ አትናገርም፤ ዕዳው ገና አልተከፈለምና። ሁለቱም ወገን አንዱ ለሌላው ሲል ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ላይ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ሊጻፍበት ይችላል።

በእርግጥ አደጋው ሁሉ ከቤት ዝምታ የሚመጣ አይደለም፤ እንዲህ ማለት በደል ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የታክሲ ተሳፋሪ የነበረች የ16 ዓመት ተማሪ በወንዶች ቡድን ተጠልፋና ተደፍራ ሕይወቷ ማለፉን የዚያን ጊዜ ጋዜጦችን የሚያነብ ሁሉ ያስታውሳል። ያቺን ልጅ የቤት ውስጥ ጭውውት አያድናትም ነበር፤ ጥፋቱም የጥፋተኞቹ ብቻ ነው። እኛ መምህራንም ብንሆን ጣታችንን ወደ ወላጅ ብቻ የምንቀስርበት መብት የለንም። ልጅን በውጤት የሚያስፈራራ፣ «ቢሮዬ ነይ» የሚል መምህር በመካከላችን እንዳለ የማናውቅ መስለን መኖራችን ያሳፍራል። የወንጀል ሕጉ ለአካለ መጠን ባልደረሰች ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት ፈጻሚው አስተማሪዋ በሆነ ጊዜ ቅጣቱ እንዲከብድ ያደረገው ልጅቱን ከአስተማሪዋ የሚያስጥላት ሌላ ጠባቂ እንደሌላት ተገንዝቦ ይመስለኛል።

ታዲያ ልብ ወለድ ለዚህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። «ልብ ወለድ ልጅ ያበላሻል» የሚለውንም በወላጅ ስብሰባ ላይ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ለዚህ ያለኝ መልስ ከክፍል ውስጥ ልምዴ የመጣ ነው። የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆችን ሰብስቦ «ከማታውቁት ሰው ስጦታ አትቀበሉ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙና ወጥተው ይስቃሉ። ስለ ራሷ ጠይቃችሁ አንዲት ቃል የማትመልስ ልጅ ግን ስለ ሰብለ ወንጌል ስትጠየቅ እጇን አውጥታ ትከራከራለች። «ለእናቷ ብትነግራት ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?» ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ «እናቷ ትረዳት ነበር» የሚሉትም «ለአባቷ ነው የምታሳብቅባት» የሚሉትም የሚናገሩት ስለየቤታቸው ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ባለች ሴት ልጅ ስም ልጆቹ የራሳቸውን ገመና ሳይገልጡ የራሳቸውን ነገር ይነጋገራሉ። ለወላጅም ቢሆን ይኸው ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻን መውቀስ ማንንም አያሳፍርም፤ ወቀሳው ወደ ቤት የሚገባው ቀስ ብሎ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻውን ግን አይበቃም። የዛሬዋ ልጃገረድ ባላባት አባት የላትም፤ ያላት ቀኑን ሙሉ ጉሊት ላይ የምትውል እናት ወይም ሌሊት የሚሠራ የጥበቃ አባት ነው። ስለዚህ ደራሲዎቻችን ስለዚህች ልጅና ስለነዚህ ወላጆች እንዲጽፉልን በአክብሮት እለምናለሁ። እንዲጻፍ የምመኘው መጽሐፍ ምክር የሚደረድር አይደለም፤ ልጆች ምክር የሸተታቸውን መጽሐፍ በሁለተኛው ገጽ ላይ ይዘጉታል። ልጅቱ ፍጹም ንጹሕ፣ ወላጆቿ ፍጹም ጨካኝ የሆኑበትም አይሁን። እናትየው ሞባይሉን ስታገኝ በልቧ የሚሆነውን ከውስጧ ሆነን እንድናይ፣ አባትየው በሬውን ሲሸጥ የሚያስበውን እንድንሰማ፣ ደላላውም ቡናውን ሲጠጣ እንዴት ደግ እንደሚመስል በቅርብ እንድንመለከተው የሚያደርግ ቢሆን እወዳለሁ። ልጅቱ ጉዳት ከደረሰባት በኋላም ታሪኩ በሞት ወይም በምንኩስና ብቻ እንዳያልቅ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ተደፍረው ወይም ተታልለው ወደ ክፍሌ የተመለሱ፣ ተምረው ሥራ የያዙ ልጆች አሉኝና እነሱም መጽሐፍ ውስጥ ራሳቸውን ማግኘት ይገባቸዋል።

እስከዚያው ባለን ነገር መጀመር እንችላለን። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች መኖራቸው እንቅፋት የሚመስለው ካለ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ እንደ ተማረው እኩል ይከታተለው እንደነበር ያስታውስ። ያ ትረካ ዛሬም በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚጠሩት የወላጅ ስብሰባዎቻችን ላይ ስለ ክፍያና ስለ ደንብ ልብስ ከመነጋገራችን በፊት፣ ፊታውራሪው ሽማግሌ የመለሱበትን ወይም ሰብለ ወንጌል ከቤት የወጣችበትን ክፍል ወላጆችና ሴቶች ልጆች አብረው እንዲሰሙትና ትንሽ እንዲወያዩበት ማድረግ ወጪ አይጠይቅም። አባቶች እንዲገኙ ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ስለ ሴት ልጅ ጉዳይ ሲሆን እናት ብቻ የምትላክበት ልማድ ራሱ ዝምታውን ያጠነክረዋል። በእኔ ትምህርት ቤት ይህን ለመጀመር ለርዕሰ መምህሩ ሐሳብ አቅርቤ በጎ ምላሽ አግኝቻለሁ።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ለጊዜው እንኳ ቢሆን አንድ ጥግ ከፍታችሁ፣ ልጃገረዶችና ወላጆች ስማቸው ሳይገለጽ ስላነበቡት ልብ ወለድና ስለ ቤታቸው የሚጽፉትን አትሙልን፤ ደራሲዎችም ከዚያ ሰምተው ይጽፋሉ። የልጆቹን ጽሑፎች ሰብስቦ፣ ማንነታቸውን የሚገልጥ ነገር አውጥቶ ለእናንተ ማድረሱን እኔና የትምህርት ክፍሌ ባልደረቦች በደስታ እንሠራዋለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት፣ አዲስ አበባ